ካንሰር በዘር ሲመጣ የጤና መድህን ደብተር እስከ የት ያደርሳል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተሰቦች

እናቷ በጡት ካንሰር የሞተችባት፣ አሁን ደግሞ ታላቅ እህቷ የታመመችባት ሴት የጤና መድህን ደብተሯን ይዛ ጤና ጣቢያ ስትመጣ ጥያቄዋ አንድ ነው፦ «እኔስ? በደብተሬ ልመርመር?» መልሱ እንደሚያስተናግዳት ሰው ይለያያል። አንዱ «ይቻላል» ይላታል፤ ሌላው «ሲያምሽ ነይ» ብሎ ይመልሳታል። እኛ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን ከነወረቀታቸው ከክፍል ክፍል ስናደርስ ቆይተናል። እዚህ የምናሰፍረው ከዚያ ያወቅነውን ነው። የሐኪም ምክርን አይተካም፤ ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ምን ይዛችሁ፣ ምን ጠይቃችሁ፣ የትኛውን ከኪሳችሁ እንደምትከፍሉ አስቀድማችሁ እንድታውቁ ነው።

ዋናውን ነገር እናስቀድም። ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የቆመው ለታመመ ሰው ነው። ከማይሸፍናቸው አገልግሎቶች አንዱ ከህመም ጋር ያልተያያዘ ወቅታዊ ምርመራ፣ ማለትም ሰው «ቼክአፕ» የሚለው ነው። በዘር የሚተላለፍ ካንሰር ምርመራ ደግሞ ዓላማው ገና ያልታመመውን ማግኘት ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚንገላታው እዚህ ላይ ነው፤ ጤነኛዋን እህት ይዞ ይጀምራል፣ ይመለሳል፣ ተስፋ ይቆርጣል። መጀመር ያለበት ከታመመችው ነው። በደብተር ሊሠራ የሚችለው ሁሉ በእሷ ይሠራል፣ የዘረመል (የጂን) ምርመራውም ቢሆን መልስ የሚሰጠው በመጀመሪያ በእሷ ደም ላይ ሲሠራ ነው። ሳይመረመሩ የታመሙት ካለፉ ቤተሰቡ ትልቁን መረጃ አብሮ ይቀብራል።

ሌላም የማይገጥም ነገር አለ። መድህኑ ቤተሰብ የሚለው በአንድ ቤት የሚኖሩትን ነው፦ ባልና ሚስትን፣ 18 ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች። 18 የሞላው ተጨማሪ መዋጮ ይከፈልበታል፣ የተዳረችው የራሷን ደብተር ታወጣለች። ዘረመል ግን የሚያውቀው የሥጋ ዘመድን ነው። እናት ሸዋበር፣ እህት ኮምቦልቻ፣ ወንድም ሐይቅ ከሆኑ በጉዳዩ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ በመድህኑ ግን ሦስት ደብተር ናቸው፣ ያልታደሰውን ደግሞ የታደሰው አይሸፍነውም። (ሐይቅ ያለችበት ተሁለደሬ በ2003 ዓ.ም. መድህኑ በአራት ክልሎች ሲሞከር ከ13ቱ ወረዳዎች አንዷ ነበረች፤ የአካባቢያችን ሰው ከደብተሩ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው።) ስለዚህ አንዱ ሲታመም የሌሎቹ ደብተር መታደሱን በዚያው ሳምንት አጣሩ። መክፈል የማይችል ቤተሰብ በቀበሌው ተለይቶ መዋጮው በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራር አለ፤ መመዝገቢያው ወቅት ሳያልፍ ጠይቁ።

«ዘር ላይ አለ ከተባልን መዋጮ ይጨመርብናል፣ ወይ ያስወጡናል» ብለው የሚፈሩም አሉ። መዋጮው በህመም አይለይም። ታመመ ተብሎ የሚጨመርበት ቤተሰብ የለም፤ ስለዚህ በዚህ ፈርታችሁ የቤተሰባችሁን ታሪክ ከሐኪም አትደብቁ።

ለጋብቻ ሰባት ቤት ድረስ ዘር የሚቆጠርበት አገር ነው። ለዚህ ጉዳይ ሦስት ትውልድ ይበቃል፦ አያቶች፣ እናትና አባት ከነወንድምና እህቶቻቸው፣ ከዚያ እናንተና የአክስት የአጎት ልጆች። ለእያንዳንዱ ሰው አራት ነገር ጻፉ፦ በየትኛው አካሉ እንደታመመ፣ በስንት ዓመቱ እንደጀመረው፣ አንድ ወገን ወይስ ሁለቱም ወገን እንደሆነ (ጡት ከሆነ)፣ በሕይወት መኖር አለመኖሩን። ጤነኛውም ይጻፍ፤ ስድስት እህቶች ካሉ ሁለቱ ብቻ መታመማቸውና ሁለት እህቶች ካሉ ሁለቱም መታመማቸው ለሐኪሙ የተለያየ ነገር ይነግሩታል። የአባት ወገን እንዳይረሳ። ጂኑ ከአባትም ከእናትም እኩል ይተላለፋል፤ ብዙ ሴቶች ግን የጡት ካንሰርን ሲጠየቁ የሚያነሱት እናታቸውን ብቻ ነው። የአባት እህት በ38 ዓመቷ በጡት ካንሰር ካረፈች ያ ሙሉ ክብደት ያለው መረጃ ነው።

ሽማግሌዎችን መጠየቅ የራሱ ዘዴ አለው። «ካንሰር ነበረባት ወይ?» ብላችሁ ከጀመራችሁ በሩ ይዘጋል። ቡና ተፈልቶ፣ ሰው ሰብሰብ ሳይል፣ ለስለስ ብሎ ነው።

«እማማ፣ አክስቴ ዘሃራ በምን ነበር ያረፈችው?»

«በሆድ ህመም ነው ልጄ።»

«ሆዷ ነፍቶ ነበር? ውሃ ቀድተውላት ያውቃሉ?»

«አዎ፣ ሁለት ጊዜ ቀዱላት፤ መልሶ ሞላ።»

ሆድ ውሃ መቋጠሩ የእንቁላል እጢ ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። ጉበትም ውሃ ያስቋጥራል፣ ስለዚህ «የእንቁላል እጢ ካንሰር» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ሆዷ ውሃ ቋጥሮ፣ ሁለቴ ተቀድቶ» ብላችሁ ያዩትን ጻፉ፣ ሐኪሙ ይተረጉመዋል። «እባጭ»፣ «ጡቷ ቆስሎ»፣ «ደም እየፈሰሳት» የሚሉትም እንደዚያው በተባሉበት ቃል ይጻፉ። ዕድሜ ላይ ደግሞ ሰው በቁጥር አያስታውስም፣ በዘመን ያስታውሳል። «የ66ቱ ድርቅ ጊዜ አግብታ ነበር?»፣ «በ77 ስንት ልጅ ነበራት?»፣ «ደርግ ሲወድቅ ታማ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከሁለት ሦስት መልስ በኋላ በአምስት ዓመት ስህተት ውስጥ ያለ ዕድሜ ታገኛላችሁ። ያ ይበቃል። 35 ይሁን 65 ነው ልዩነቱ፣ 35 ይሁን 38 አይደለም።

ከጡት ካንሰር ውስጥ በዘር የሚመጣው ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህሉ ነው። ብዙው ቤተሰብ የዘረመል ምርመራ ወጪ አያስፈልገውም ማለት ነው። ምርመራውን በቁም ነገር ማሰብ የሚገባው የጡት ካንሰር ከ50 ዓመት በፊት የጀመረበት፣ በሁለቱም ጡት የወጣበት፣ በወንድ ላይ የታየበት፣ ወይም የእንቁላል እጢ ካንሰር በማንኛውም ዕድሜ የተገኘበት ቤተሰብ ነው፤ በአንድ ወገን ሁለት ሦስት የቅርብ ዘመድ የታመመበትም እንዲሁ። የማህፀን በር ካንሰር ከዚህ መዝገብ ውጪ ነው። «እናቴም አክስቴም በማህፀን ነው የሞቱት» የሚል ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ነገር ግን የማህፀን በር ካንሰር የሚመጣው ኤችፒቪ ከሚባል ቫይረስ ነው። ለእሱ ጂን ፍለጋ ገንዘብ አታውጡ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት ጤና ጣቢያ ሄዳ ትመርመር፤ ኮምጣጤ መሰል አሲድ ተቀብቶ ከአንድ ደቂቃ በኋላ የሚታየው ምርመራ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ የሚሰጥ ነው። ሴት ልጆቻችሁንም ክትባቱን አስከትቡ፤ በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ እየተሰጠ ነው። «በማህፀን» የተባለው የማህፀን በር ይሁን፣ የማህፀን ውስጥ ይሁን፣ የእንቁላል እጢ ይሁን ግን መለየት አለበት፤ ሦስቱ ሦስት የተለያየ መንገድ ናቸው።

ወደ ታመመችው እንመለስ። መንገዷ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ወጪው ራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ኮምቦልቻ ያላችሁ ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ከመድረሳችሁ በፊት የሪፈር ወረቀቱ ማህተም፣ ቀን፣ የደብተር ቁጥርና የላከው ባለሙያ ፊርማ ያለው መሆኑን እዚያው በር ላይ ቆማችሁ እዩ። ማህተም የጎደለው ወረቀት ቢያንስ አንድ ቀንና የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ያስከፍላል። ስሟ በደብተሩ ላይ ከሰፈረው ጋር በፊደል አንድ ይሁን። ሆስፒታል ስትደርሱ ካርድ ክፍል ከመሰለፋችሁ በፊት የጤና መድህን ክፍሉን አስቀድሙ፤ እዚያ ያልተመዘገበ ሰው በከፋይ መስመር ውስጥ ይገባል፣ ከገባ በኋላ መመለሱ ይከብዳል።

ምርመራው ላይ ከሁሉ በላይ የምንጨነቀው ለባዮፕሲው (ከእብጠቱ ለምርመራ ለሚወሰደው ናሙና) ነው። በቀጭን መርፌ ተመጥጦ የሚታየው ምርመራ ካንሰር መሆኑን ሊናገር ይችላል፤ ወፍራሙ መርፌ የሚያወጣው ቁራጭ ሥጋ ግን የካንሰሩን ዓይነትም ያሳያል። ዶክተሩን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ «ቁራጩ ለሆርሞን ተቀባይና ኸርቱ (HER2) ለሚባለው ፕሮቲን ምርመራ ይበቃል ወይ?»፣ «የሰም ብሎኩ (ሥጋው በሰም ተቀርጾ የሚቀረው) የት ይቀመጣል?» የኢስትሮጅን ተቀባይ፣ የፕሮጄስትሮን ተቀባይና ኸርቱ ሦስቱም የሌሉበት የጡት ካንሰር በወጣት ሴት ላይ ከታየ የዘር ጥርጣሬው ከፍ ይላል። ሕክምናውንም ይወስናል፤ ስለዚህ ይህ ምርመራ የታመመችዋ ሕክምና አካል ነው፣ ቼክአፕ አይደለም። በመድህኑ በኩል ስትጠይቁም እንደዚያው ብላችሁ ጠይቁ።

ናሙናው ወደ አዲስ አበባ የሚላክና ቤተሰብ የሚይዘው ከሆነ ይህን ልብ በሉ። ሥጋው የሚቀመጠው 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ነው፤ በአልኮል፣ በጉሉኮስ ወይም በውሃ አይደለም። ፈሳሹ ከሥጋው አሥር እጥፍ መሆን አለበት፣ ዕቃው አፈ ሰፊ ይሁን። ፎርማሊን ውስጥ ከ6 ሰዓት ያላነሰ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ መቆየት ነው የሚመከረው፤ ዓርብ የተወሰደ ናሙና ሰኞ ማታ አውቶቡስ ቢጫን፣ አዲስ አበባ እስኪደርስ የሆርሞን ምርመራው ሊበላሽ ይችላል። በሳምንቱ መጀመሪያ የሚወሰድበትን ቀን ለምኑ። ዕቃው በሁለት ፌስታል ታሽጎ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ የመጠየቂያ ወረቀቱ ግን በሌላ ፌስታል ይሁን። ወደ 400 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው መንገድ ላይ ክዳኑ ሲላላ ፎርማሊኑ በመጀመሪያ የሚያጠፋው በእስክሪብቶ የተጻፈውን ስም ነው፣ ስም የሌለው ናሙና ደግሞ ማንም አይቀበለውም።

ከምርመራው በኋላ ሥጋው በሰም ተቀርጾ የሚቀረው ብሎክ በፓቶሎጂ (የሥጋ ናሙና መርማሪ) ክፍሉ ይቀመጣል። የፓቶሎጂ ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ በወረቀትም ጻፉት። ታማሚዋ ብታርፍ እንኳ ያ ብሎክ አንዳንድ ነገር ሊናገር ይችላል፤ ደም ግን ይሻላል። ከዚህ በፊት የታከመ ዘመድ ካላችሁም የቆየ ካርዱን ፈልጉ። በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሆስፒታል መዘረፉን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከዚያ በፊት የታከሙ ሰዎች መዝገብ አለ ብላችሁ አትተማመኑ፣ ቤት ያለችው ቢጫ ወረቀት ብቸኛዋ ማስረጃ ልትሆን ትችላለችና አትጣሏት።

የዘረመል ምርመራው ራሱ ከኪስ ነው። ደሙ ብዙውን ጊዜ በግል ላቦራቶሪ በኩል ውጭ ሀገር ይላካል፣ ዋጋው በዶላር ይታሰባል፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ደግሞ በብር ያለው ዋጋ በወራት ውስጥ ሊለወጥ ስለሚችል ዋጋውን በጽሑፍ፣ እስከ መቼ እንደሚጸና ጭምር አስጽፉ። በአንድ ቤተሰብ ገንዘብ የሚያዋጡ ከሆነ ሁሉም ለታመመችው አንድ ምርመራ ያዋጡ። እሷ ላይ ለውጡ ከተገኘ ለሌሎቹ የሚፈለገው ያ አንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ ይረክሳል፤ አንዳንድ ላቦራቶሪዎች በተወሰነ ቀን ውስጥ ለመጣ የቅርብ ዘመድ በቅናሽ ወይም በነጻ ይሠራሉ። ያንን ቀን ጠይቃችሁ ቀን መቁጠሪያችሁ ላይ አስምሩበት። አራት ጤነኛ እህቶች እያንዳንዳቸው ከፍለው «ምንም የለም» የሚል ወረቀት ይዘው፣ የታመመችው ሳትመረመር ሲቀር አይተናል። ያ ወረቀት አያረጋጋም፤ ቤተሰቡ ውስጥ ምን እንደሚፈለግ ሳይታወቅ የተፈለገ ነውና።

ደሙ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ነው፣ ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ይወሰዳል፤ በረዶ እስኪሆን አይቀዝቅዝ፣ በረዶ ውስጥ አይግባ። ኬሞ መጀመሯ አይከለክልም። በቅርቡ ደም ከተሰጣት ግን ለላቦራቶሪው ይነገር። በምራቅ ከሆነ ከግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ መብላት፣ መጠጣት፣ ማጨስ የለም፤ ጫትም እንደዚያው። ጂኑ ሙሉ በሙሉ ይነበብ እንደሆነ፣ የጎደለና የተደገመ ክፍል ይታይ እንደሆነ ጠይቁ። አሜሪካ ያሉ ዘመዶች በፖስታ የሚልኩት የምራቅ ምርመራ አንዳንዱ ጥቂት የተመረጡ ለውጦችን ብቻ ነው የሚያየው፤ አሽከናዚ በሚባሉት አይሁዶች ዘንድ የሚዘወተሩትን ሦስት ለውጦች ብቻ ያይ የነበረም አለ። እዚያ ላይ «አልተገኘም» መባል ለወሎ ሰው ምንም አይነግረውም።

ቅጹ ላይ የሚፈጠረው ስህተት ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። የእኛ ስም የአባትና የአያት ነው፤ ውጭ ሀገር ያለው ላቦራቶሪ ግን የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ መጠሪያ አድርጎ ይወስደዋል። እናትና ልጅ በስም የማይገናኙ ሁለት እንግዳ ሰዎች ይሆኑበታል። ስለዚህ ዝምድናው በግልጽ ይጻፍ፣ የመጀመሪያዋ ተመርማሪ መለያ ቁጥር በሁሉም ዘመዶች ቅጽ ላይ ይስፈር። በላቲን ሲጻፍ የአንድ አባት ስም በሁለቱ እህቶች ቅጽ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፍ፤ መሐመድን አንዷ በአንድ መንገድ ሌላዋ በሌላ መንገድ ከጻፈችው መዝገቡ ይለያያል። የልደት ዓመቱ በፈረንጅ ነው ወይስ በእኛ? በ1970 ዓ.ም. የተወለደች ሴት ቁጥሩ እንዳለ ከገባ መዝገቡ ላይ በሰባት ስምንት ዓመት ታረጃለች፣ በ44 ዓመቷ የታመመችው ከ50 በላይ ሆና ትቆጠራለች፤ ይህ ደግሞ ሐኪሙ የሚመዝነውን ጥርጣሬ ይቀንሰዋል።

ውጤቱ ከሦስት አንዱ ነው። በሽታ አምጪ ለውጥ ተገኘ ከተባለ ለእያንዳንዱ ልጅ፣ ለወንዱም ለሴቱም፣ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ሐኪሞች «ብራካ 1» የሚሉት ጂን ላይ ለውጥ ያላት ሴት በዕድሜ ዘመኗ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከ55 እስከ 72 በመቶ ይገመታል፤ በ«ብራካ 2» ከ45 እስከ 69። ለእንቁላል እጢ በመጀመሪያው 40 በመቶ ገደማ፣ በሁለተኛው ከ11 እስከ 17። «ብራካ 2» ላይ ለውጥ ያለበት ወንድ ደግሞ ፕሮስቴቱን መከታተል አለበት። ሁለተኛው ውጤት «አልተገኘም» ነው፤ በዘመድ ላይ የታወቀው ለውጥ ተፈልጎ ከታጣ እውነተኛ እፎይታ ነው። ሦስተኛው «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» ነው። አፍሪካውያን በዓለም የዘረመል መዝገብ ውስጥ ጥቂት ስለሆንን ይህ በእኛ ሰው ላይ ይበዛል። እሱን ይዞ ጡት ወይም እንቁላል እጢ አይወጣም፤ ዘመድም አይመረመርበትም። ወረቀቱን አስቀምጡና በየዓመቱ ወይም በሁለት ዓመት ትርጉሙ ተለውጦ እንደሆነ አስጠይቁ።

አሁን ለውጡ የተገኘባት ጤነኛዋ እህት። በዓለም አቀፍ መመሪያ ከ25 ዓመት ጀምሮ በየ6 እስከ 12 ወር በሐኪም እጅ ምርመራ፣ በዓመት አንዴ ኤምአርአይ፣ ከ30 ጀምሮ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ይጨመርበታል። እዚህ እኛ ዘንድ ኤምአርአይን በየዓመቱ ከኪስ መክፈል የሚችል ጥቂት ነው። እኛ የምንመክረው ቢያንስ የማይቋረጠውን እንድትይዝ ነው፦ በየስድስት ወሩ በሠለጠነ እጅ መዳበስ፣ በዓመት አንድ አልትራሳውንድ፣ ሲገኝ ማሞግራም። ለቼክአፕ ደብተሩ አይሠራም። እብጠት ከዳበሰች፣ ከጡቷ ጫፍ ፈሳሽ ከወጣ፣ ቆዳው ከተጨማደደ ግን ታማሚ ናት፤ በዚያው ቀን በደብተሯ ጤና ጣቢያ ትሂድ፣ የቤተሰብ ታሪኳም ሪፈሩ ላይ ይጻፍላት። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ እብጠቱን ግን በእሳት አታስተኩሱ፣ ቅጠል አትለጥፉበት፤ የተቃጠለ ቆዳ ሥር ያለውን ለማየት ሐኪሙ ይቸገራል፣ ወራትም ያልፋሉ።

«የካንሰር ደም ምርመራ» ተብሎ በጥቅል የሚሸጠውን ሲኤ 125 አትግዙ። ያለ ምልክት ለሚደረግ ክትትል አይረዳም፤ ቁጥሩ ጤናማ ሆኖ እያለ ካንሰሩ ያለባት ሴት አለች፣ በወር አበባና በሌላ ቀላል ምክንያትም ከፍ ይላል። ለእንቁላል እጢ በእርግጥ የሚያድነው ቀዶ ሕክምናው ነው፤ መውለድ ስትጨርስ፣ ለ«ብራካ 1» ከ35 እስከ 40 ባለው፣ ለ«ብራካ 2» ከ40 እስከ 45 ባለው ዕድሜ ሁለቱን እንቁላል እጢዎች ከነቱቦዎቻቸው ማውጣት። ቀዶ ሕክምናው ለማህፀን ሐኪም አዲስ አይደለም። ጥያቄው ደብተሩ ነው፣ ጤነኛ አካል ስለሆነ የሚወጣው። ከቀጠሮው በፊት የጂን ውጤቱን፣ የሐኪሙን ደብዳቤና የቤተሰብ ዘር ሥዕሉን (ሦስቱን ትውልድ የጻፋችሁበትን) ይዛችሁ መድህን ክፍሉን ጠይቁ፤ ይሸፈናል ቢሉም አይሸፈንም ቢሉም በጽሑፍ ተቀበሉ። በቃል «ችግር የለም» ተብሎ አልጋ ከተያዘ በኋላ ሂሳብ የመጣበት ሰው አለ። የወጣው አካል ወደ ፓቶሎጂ እንዲላክ፣ ቱቦዎቹም ጫፋቸው ድረስ ተከታትፈው እንዲታዩ አሳስቡ፤ የተደበቀ ካንሰር የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ የወር አበባ በአንድ ጊዜ ስለሚቆም ድንገተኛ የሰውነት መጋሉ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ የአጥንት መሳሳቱ ይመጣል፤ ስለ ሆርሞን ምትክ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

እስከዚያው ድረስ በነጻ የሚገኝ አንድ ነገር አለ። የሚዋጥ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ለዓመታት ሲወሰድ የእንቁላል እጢ ካንሰርን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፣ በጤና ጣቢያም ያለ ክፍያ ይሰጣል። ጡት ላይ ያለው ተጽዕኖ መመዘን ስላለበት ለውጡ ያለባት ሴት ከሐኪም ጋር ተማክራ ትጀምር።

ስለ አንጀትና ስለ ዓይን ባጭሩ። ከ50 ዓመት በፊት የአንጀት ወይም የማህፀን ውስጥ ካንሰር የተደጋገመበት ቤተሰብ ሊንች ለሚባለው በዘር የሚወረስ ችግር ይመርመር፤ ደም የቀላቀለ ሰገራን «ኪንታሮት ነው» ብላችሁ ዓመት አታሳልፉ፣ ይህ ምልክት ስለሆነ በደብተር ይታያል። በልጅነቱ በዓይን ካንሰር ዓይኑ የወጣ ሰው ልጅ ከወለደ ሕፃኑ በተወለደ ሳምንታት ውስጥ ዓይን ሐኪም ይየው፤ በፎቶ ላይ የልጅ ዓይን ውስጥ ነጭ ብርሃን ካያችሁ ቦሩ ሜዳ ወይም ደሴ ለመሄድ ነገን አትጠብቁ።

የአንዱን ደብተር ለሌላው ማዋስ ከሕጉም በላይ በዚህ በሽታ ላይ ክፉ ነው። ያልታደሰላት እህት በታናሿ ደብተር ታክማ፣ የባዮፕሲው ውጤት በታናሿ ስም ወጣ እንበል። ከአምስት ዓመት በኋላ ሐኪሙ የሚያየው ጤነኛዋን እንደ ታማሚ፣ ታማሚዋን እንደ ጤነኛ ነው፤ የሰም ብሎኩ የሌላ ሰው ስም አለው፣ የዘር ሥዕሉ ሐሰት ነው። ችግሩ ከገጠማችሁ ለመድህን ክፍሉ እውነቱን ተናግራችሁ የሚታደስበትን መንገድ ጠይቁ።

አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ለጨረር ስትላኩ ደግሞ ሪፈር ብቻ አይበቃም። የእናንተ መድህን ከሚላኩበት ተቋም ጋር ውል እንዳለው ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ውል ከሌለ ደብተሩ እዚያ ወረቀት ብቻ ነው። የታዘዘ መድኃኒት ከሆስፒታሉ ካለቀም «የለም» የሚል ማህተም በማዘዣው ላይ ሳታስመቱ ከውጭ አትግዙ፣ ውል ያለው መድኃኒት ቤት የትኛው እንደሆነም አስነግሩ።

ለልጆች፣ አዋቂ ሲሆኑ የሚመጡት የጡትና የእንቁላል እጢ ካንሰሮች ጂን ከ18 ዓመት በፊት አይመረመርም፤ ውሳኔው የራሷ እንዲሆን ነው የሚጠበቀው። እናቷ ላይ ለውጡ የተገኘባት ልጅ 18 ሲሞላት ምርመራውን መፈለግ አለመፈለጓን የምትወስነው በዚያ ዕድሜ ነው፤ ከወላጆቿ መዋጮ ውስጥ የምትወጣውም በዚያው ዓመት ነው። የልደት ቀኗን አስልታችሁ፣ ከዚያ በፊት ባለው የማሳደሻ ወቅት ተጨማሪ መዋጮዋን ክፈሉና ስሟን ከነፎቶዋ ደብተሩ ላይ አስገቡላት።